ያለፈውን ዓመት በምን እንመዝነው?

መስከረም በባተ ዕለት ማለዳ፣ ሕዝቡ ገና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይርቅ፣ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ሰላምታ «እንኳን አደረሰህ» የሚል ነው። መልሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ይህ ሰላምታ በአፍ የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ቃሉን ሳይመረምር ይሰጠዋል፤ ሳይመረምርም ይቀበለዋል። ነገር ግን አባቶቻችን ለበዓል ሰላምታ «መድረስ» የሚለውን ቃል መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። መድረስ የመንገደኛ ነገር ነው። የሚደርስ ሰው በመንገድ የነበረ፣ ሊቀርም ይችል የነበረ ሰው ነው። ሳይመሽ ከሰፈሩ የገባ መንገደኛ «ደረስሁ» ይላል እንጂ ከቤቱ ያልወጣ ሰው እንዲህ አይልም። መልሱ ደግሞ በዚህ ላይ «አብሮ» የምትል አንዲት ቃል ይጨምራል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ይህችን ቃል ነው፤ በበዓል ሰሞን ያለፈውን ዓመት ውጣ ውረድ መለስ ብሎ የሚያስብ ሰው ሒሳቡን የሚያቀናው ወይም የሚስተው በእርሷ ነው ብለን እናስባለንና።

ለዚህ ሒሳብ የሚሆን ጊዜ ከዘመን አቈጣጠራችን አልጠፋም። ጳጉሜን ከ12ቱ ወሮች በኋላ የቀረች፣ አምስት ቀን ብቻ፣ በየ4 ዓመቱም ስድስት ቀን የምትሆን ወር ናት። ክረምቱ ሊያልፍ ሲል፣ አዝመራው ግን ገና ሳይሰበሰብ የምትመጣ ስለ ሆነች ያለፈውንም የሚመጣውንም ለማሰብ ታመቻለች። ምእመናን በጾምና በጸሎት ያሳልፏታል፤ በ3ኛው ቀን በቅዱስ ሩፋኤል በዓል ልጅ ዐዋቂው በዝናሙ ይጠመቃል። በነዚህ ቀኖች ሰው ሁሉ፣ ፊደል የቈጠረውም ያልቈጠረውም፣ በልቡ አንድ ዓይነት ሒሳብ ያደርጋል። የተወለደውንና የሞተውን፣ የተሸጠውንና የተገዛውን፣ የታመመውንና የዳነውን ይቈጥርና በመጨረሻ «ጥሩ ዓመት ነበረ» ወይም «ክፉ ዓመት ነበረ» ብሎ ይፈርዳል።

ፍርዱ ግን በማን ላይ ነው? ዓመት እጅና እግር የለውም። ዓመተ ዓለሙን ለአራት ሲካፈል አንድ የቀረ እንደ ሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት የቀረ እንደ ሆነ ዘመነ ማርቆስ፣ ሦስት የቀረ እንደ ሆነ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ያልቀረ እንደ ሆነ ዘመነ ዮሐንስ ይሆናል። ይህ የባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው። በገጠር «ዘመነ እገሌ ይከብዳል፣ ዘመነ እገሌ ይቀላል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ልምዳቸውን አንንቅም፤ ነገር ግን ቅዱሳን ወንጌላውያን ስለ በረዶና ስለ አንበጣ መከሰሳቸው ያሳዝናል። ዓመቱን ክፉ ያሰኘው ዝናም ሲቀር የቀረው ዝናም ነው፤ ሰው ሲገደል ደግሞ የገደለው ሰው ነው። ሁለቱን በአንድነት «የዓመቱ ክፋት» ብሎ መጥራት የሰውን ጥፋት በዘመን ትከሻ ላይ መጫን ይሆናል።

የሀገራችን ሰው ለዓመቶች ስም የማውጣት ልማድ አለው፤ ስሙንም የሚያወጣው በደረሰው መከራ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው፣ ከብቱ በበሽታ፣ ሕዝቡ በረኃብ ያለቀበት ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀርቷል። በ1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ይባላል። «ስድሳ ስድስት» ወይም «ሰባ ሰባት» የተባለ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ያልተወለደ እንኳ ረኃቡን ያስባል። ገብሱ ስላማረበት፣ ሰርጉ ስለ በዛበት፣ ሽፍታ ስላልነበረበት ዓመት ግን ስም ሲወጣ አልሰማንም። ይህን የሰው ውለታ ቢስነት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ሌላም ምክንያት ያለው ይመስለናል። ጥጋብ በየጓዳው የሚበላ ነው፤ እያንዳንዱ በየጎተራው መጠን ይጠግባል፤ ጎረቤቱ ምን ያህል እንደ ጠገበ አያውቅም፤ ባለቤቱም አይነግረውም። መከራ ግን በአደባባይ ያልፋል። ሬሳው በመንደሩ መካከል ይሄዳል፤ ስደተኛው በሁሉ ደጅ ያልፋል። ስለዚህ ስም ያገኙት ዓመቶች ብዙዎች በአንድነት ያዩአቸው ናቸው። እንግዲህ ትውስታችን ራሱ «አብሮ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል ማለት ነው፤ የሚያውቀው ግን በክፉው በኩል ብቻ ነው።

ሆኖም ክፉው ዓመት እንኳ ለሁሉ እኩል ክፉ ሆኖ አያውቅም። ይህን ለማየት ከድብ ባሕር የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ድብ ባሕር ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በላይዋ የደባርቅና የስሜን ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በታችዋ መንገዱ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ያለው ቁልቁለት ከሺህ ሜትር በላይ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተቈረጠው መንገድ እየተጠማዘዘ ገደሉን ታክኮ ስለሚሄድ፣ ላዩ ላይ ያለው መኪና ከታች ላለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከሰማይ የሚወርድ ይመስለዋል። በሌላው አገር «የሕይወት ውጣ ውረድ» ሲባል ምሳሌ ነው፤ በዚህ አገር ግን ውጣ ውረድ መንገዱ ራሱ ነው። በአንድ ክረምት ላይኛው ገበሬ ገብሱን በረዶ ሲመታበት የታችኛው ማሽላ ያምር ይሆናል፤ ወይም ደጋው ሲጠግብ ቆላው ዝናም ይናፍቃል። በአንድ ጠመዝማዛ ላይ የሚገናኙት ሁለት መንገደኞች፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ፣ ቀኑ አንድ ሆኖ ሳለ ድካማቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ «ዘንድሮ ጥሩ ነበረ» የሚል ሰው ከየትኛው ከፍታ ሆኖ እንደሚናገር ሊጠየቅ ይገባዋል።

ከታሪክም አንድ ማስረጃ እንጨምር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐዲስ አበባ ገቡ። እንግዲህ መስከረም 1 ቀን 1934 ዓ.ም. በዋናው ከተማ ከአምስት ዓመት ወረራ በኋላ የመጀመሪያው የነጻነት ዕንቁጣጣሽ ነበረ። በዚያው ቀን ግን ከድብ ባሕር በላይ ባለው በወልቀፊት አፋፍ የጠላት ጦር መድፉን ተክሎ መንገዱን ዘግቶ ነበር። እጁን የሰጠው በመስቀል ሰሞን ነው፤ ጎንደርም ነጻ የወጣችው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በዐዲስ አበባ «አብሮ አደረሰን» ሲባል የሊማሊሞ ሰው ገና አልደረሰም ነበር። ሁለቱም ግን በአንድ ዘመን፣ በአንድ ወንጌላዊ ስም፣ ዐዲስ ዓመት ገባልን ብለዋል።

ከዚህ የበለጠውን ደግሞ በዘመናችን አይተናል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ሰሜን ጎንደር ተሻገረ፤ ውጊያውም እስከ ሊማሊሞ ደረሰ። ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ዳገቱን ወጥተው በደባርቅ ተጠለሉ። በነሐሴ መጨረሻ ቀኖች፣ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት፣ በዚያ በገቡት የትግራይ ታጣቂዎች እጅ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ እስከ መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ዐርባው ሳይወጣ ዕንቁጣጣሽ ገባ። በዚያ ዕለት በሌላው ከተማ፣ በውጭ አገር ባሉ ወገኖቻችንም ቤት፣ ቄጤማ ተጎዝጕዞ፣ ዳቦ ተቈርሶ፣ ቡና ተፈልቶ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ተባለ። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ይህ ሰላምታ በዚያ ቀን እውነት ነበረን? ያልደረሱት ከአፈር በታች፣ ኀዘንተኞቻቸውም ከአመድ ላይ ሳሉ፣ የተረፈው ሰው ስለ መትረፉ ሊያመሰግን ይገባዋልን?

ይገባዋል ብለን እንመልሳለን። ነገር ግን ምስጋና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ወደ ቤተ መቅደስ የወጣው ፈሪሳዊ የጸለየው ጸሎት፣ ልብ ብለን ካየነው፣ የምስጋና ጸሎት ነው። አልለመነም፣ አላማረረም፤ አመሰገነ። ያመሰገነውም እንደ ሌላው ሰው ባለመሆኑ ነው። የምስጋናው መሠረት የጎረቤቱ ጕድለት ነው። በበዓል ጠዋት «እነእገሌ እንዲህ ሆኑ፤ እኛ ግን ተመስገን!» የሚል ሰው፣ ክፋት ሳያስብ ቢናገርም፣ ቃሉ በዚያው መንገድ የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሌላውን ሞት በሚዛኑ አንድ ወገን አስቀምጦ የራሱን ዕድሜ በዚያ ይመዝናል፤ የጎረቤቱ መከራ በከበደ መጠን የእርሱ ምስጋና ይጨምራል። ይህ ምስጋና ከቅናት ጋር ወንድማማች ነው፤ ሁለቱም ያለ ጎረቤት ዓይን አያዩምና።

ከዚህ የሚከፋ ደግሞ አለ፤ ይኸውም የተጎዳውን «እግዚአብሔር የቀጣው ነው» ማለት ነው። በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 13 ሰዎች ጲላጦስ ያስገደላቸውን የገሊላ ሰዎች ነገር ለጌታ በነገሩት ጊዜ፣ እርሱ ደግሞ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች አነሣ። እነዚያ ከሌላው ይልቅ ኀጢአተኞች ስለ ነበሩ እንዳልሞቱ ገለጸ፤ ሰሚዎቹንም ስለ ራሳቸው እንዲያስቡ አስጠነቀቀ። እዚያው ላይ፣ ንግግሩ ሳይቋረጥ፣ ፍሬ ያላፈራችውን በለስ ምሳሌ ነገራቸው። የወይኑ ባለቤት ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ስላጣ ትቈረጥ አለ፤ ሠራተኛው ግን አንድ ዓመት እንዲተዋት ለመነ። መምህራን ይህን ምሳሌ ሲተረጕሙ ስለ ንስሓ ያስተምራሉ፤ ትምህርቱ የታወቀ ነው። እኛ ለጉዳያችን ሁለት ነገር ብቻ እናንሣ። ያችን አንድ ዓመት የለመነችው በለሲቱ አይደለችም፤ ሌላ ለመነላት። ለማኙም «ተዋት» ብሎ ብቻ አልቀረም፤ ዙሪያዋን ሊቈፍር፣ ፍግም ሊጨምርባት ቃል ገባ። እንግዲህ በግንቡ ሥር ካለቁት መካከል ያልነበረ ሰው ስለ ራሱ ሊያስብ የሚገባው «የተሻልሁ ነኝ» ብሎ ሳይሆን «አንድ ዓመት ተለምኖልኛል፤ በእኔም ላይ ድካም ሊወጣብኝ ነው» ብሎ ነው። የተጨመረ ዓመት የዕረፍት ዓመት አይደለም፤ የሚቈፈር ዓመት ነው።

መትረፍ ለምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ነገር በጎንደር ከተማ ቆሞ አለ። በጥር 1880 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር በሳር ውሃ ድል ከተነሣ በኋላ ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ከጥቂቶቹ ጋር ከእሳቱ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ሽማግሌዎች ንቦች ወጥተው ጠላትን አባረሩት እያሉ ሲተርኩ ኖረዋል። ስለ ንቦቹ የሚከራከር ይከራከር፤ ሕንጻው መትረፉ ግን አያከራክርም። በዚያን ዓመት የሥላሴ ደብር ካህን በጣሪያው ከተሣሉት መላእክት በታች ቆሞ ሲያመሰግን ከደጁ ውጭ የሚታየው ምን እንደ ነበረ እናስብ፤ የወንድሞቹ ደብር አመድ ነው። ነገር ግን ያ ቤት የተረፈው ለራሱ ብቻ አልሆነም። ሥዕሉም ግድግዳውም ቀርቶ፣ የጎንደር ሰዓሊ በዚያ ዘመን እንዴት ይሥል እንደ ነበረ ዛሬ ማየት የሚፈልግ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። የጠፋው የብዙዎች ነበረ፤ የቀረውም የብዙዎች ሆነ።

አንዳንድ ቅን ሰዎች ደግሞ ከመጀመሪያው ስሕተት ሲሸሹ ወደ ሌላው ይወድቃሉ። «ወገን እያለቀሰ እኔ እንዴት በዓል አደርጋለሁ?» ብለው ችቦውንም አበባውንም ይተዋሉ። ስሜታቸውን እናከብራለን፤ አሳባቸውን ግን አንከተልም። ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ የዐዲሱ ዓመት በዓል የሚጠራበት ጻድቅ ነው፤ መስከረም 1 ቀን በደስታ እናከብራለን፤ በማግስቱ ግን ስንክሳሩ የሚተርከው አንገቱን ለሰይፍ መስጠቱን ነው። አበባው ገና ሳይጠወልግ ሰይፉ ይነበባል። ቤተ ክርስቲያን አንዱን ለሌላው ብላ አልሰረዘችም። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ምእመናን የትንሣኤን በዓል በየቤታቸው ሆነው ባሳለፉ ጊዜም በዓሉ በዓል መሆኑ አልቀረም። ደግሞም ኀዘንተኛው የጎረቤቱ ቤት ጨለማ ስለ ሆነለት አይጽናናም፤ ቀኑ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ የጠፋ ይመስለዋልና። ነገር ግን ኀዘንተኛው ራሱ በዓል አላደርግም ያለ እንደ ሆነ ማንም ሊገሥጸው አይገባም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። «አብሮ» የምትለው ቃል እስከ ወዴት ትደርሳለች? እስከ ቤተ ሰብ? እስከ ደብሩ አጥር? እስከ ወረዳው ወሰን? ከሊማሊሞ ወርዶ አዲ አርቃይን አልፎ የሚሄድ መንገደኛ በመጨረሻ ተከዜን ያገኛል። ከተከዜ ማዶ ያለው ሕዝብ መስከረም 1 ቀን ያንኑ ቅዱስ ዮሐንስ ያከብራል፤ ያንኑ ባሕረ ሐሳብ ይቈጥራል። 2014 ዓ.ም. ለትግራይ ሕዝብ ባንክ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ፣ መድኀኒትም ጠፍቶ ያለፈ ዓመት ነው። ከዚያም አስቀድሞ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአክሱም፣ የጽዮን ማርያም በዓል ሊደርስ ቀኖች ሲቀሩት፣ ሰላማውያን ሰዎች በኤርትራ ወታደሮች ተገድለዋል። የጭና እናት ልጇን የቀበረችው በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰሞን ነው፤ የአክሱም እናት በኅዳር ጽዮን ሰሞን። ይህን ስንጽፍ የገደለውን ከተገደለው ማስተካከላችን አይደለም፤ በደል የሠራ በየስሙ ይጠየቅ፤ ፍርድ ሳይኖር «ሁሉም አለፈ» ማለት ለሁለቱም እናቶች ስድብ ነው። ነገር ግን ስለ ጭና እያለቀሰ ስለ አክሱም የሚደሰት፣ ወይም ስለ አክሱም እያለቀሰ ስለ ጭና የሚደሰት ሰው «አብሮ» ማለት አይችልም፤ ቃሉን በአፉ ይዞ ትርጕሙን በእግሩ ረግጧልና። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የተፈረመው ስምምነት ጥይቱን አስቁሟል፤ ሰላምታውን ግን ሊጽፍልን አይችልም። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ደግሞ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ በተዘጉ መንገዶች ምክንያት ለበዓል ወደ አባት ወደ እናቱ መሄድ ያልቻለ ብዙ ነው። በዚህኛው ግጭት የተገደሉት፣ ገዳዮችም የሆኑት ብዙ ጊዜ የአንድ ቋንቋ፣ የአንድ ሃይማኖት፣ አንዳንዴም የአንድ ደብር ልጆች ናቸውና፣ የተከዜን ወንዝ ወሰን ማድረግ ምክንያት እንኳ አይሆንም።

ስለዚህ በጳጉሜን ሒሳብ የሚያደርግ ሰው ከ«ዓመቱ ምን አደረገብኝ?» ይልቅ «በእኔ በኩል ምን አለፈ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል እንላለን። በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናም ቀርቶ ሰውና ከብት በተጎዳ ጊዜ፣ ያ ዓመት ለሌላው ወረዳ የደኅና አዝመራ ዓመት ሊሆን ይችላል። የዚያ ሰው ሒሳብ በጎተራው ብቻ አይዘጋም፤ ከጎተራው ወጥቶ ወደ ተጎዱት የሄደ ቍና እህል ነበረን? ልጁን ለትምህርት የላከ ሰው፣ በቤቱ ያስጠጋው የተፈናቃይ ልጅ ነበረን? ይህ ጥያቄ ለድኻም ይሆናል፤ ድኻ የሚሰጠው ቢያጣ የሚሄድበት እግር፣ የሚቀመጥበትም ጊዜ አለውና። እንዲህ የተደረገ ሒሳብ ክፉውን ዓመት ጥሩ አያደርገውም፤ እንዲያደርገውም አይፈለግ። የሞተው ሞቷል።

የሀገራችን ሰው ለዚህ የሚሆን ልማድ አላጣም። ሰው የሞተበት ቤት የመጀመሪያው በዓል ሲደርስ ዘመድና ጎረቤት ምግቡንና መጠጡን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። በከተማ ይህ ልማድ እየቀነሰ፣ በስልክ በሚላክ አጭር ቃል እየተተካ መሄዱን እናያለን፤ ሩቅ አገር ላለ ሰው ስልኩ ደግ ነው፤ በአንድ አጥር ለሚዋሰን ግን ምን ያህል እንደሚበቃ አንባቢው ያስብበት። የሚቻል ከሆነ ጉብኝቱ ከበዓሉ ማታ ወደ በዓሉ ጠዋት ቢመጣ እንወዳለን፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የራሱን ዳቦ ከመቍረሱ በፊት ወደ ኀዘንተኛዋ ቤት ጎራ ይበል፤ ልጆቹንም ይዞ ይሂድ፤ አበባውን ከደጇ አያሳልፉት። በዚያ ቤት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የዓመቱን መከራ የሚያብራራ ሰው በዚያ ከሁሉ የሚከብድ እንግዳ ነው። «እንኳን አደረሰሽ» ማለት ግን አይፍራ። እርሷም ምናልባት ቶሎ አትመልስ ይሆናል፤ «አብሮ» የምትለው ቃል በጕሮሮዋ ትይዛት ይሆናል። እስክትመልስ ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃት፤ ዳቦው ቢቀዘቅዝም ይቀዝቅዝ።